ረይሃና ለአባቷ ያልነገረችው

አቶ ቲጃኒ ያን ቅዳሜ ከሰፈራቸው ከጊንጆ የተነሱት ልጃቸውን ከሥዕል ትምህርቷ ሊያስወጡ ነበር። በርጩማ እየጠረቡ የሚተዳደሩ፣ ቁጡ ግን ሆደ ባሻ ሰው ናቸው። ጠዋት ጎረቤታቸው ሙሐመድሳኒ «ማሻአላህ!» እያለ የአሥራ አራት ዓመቷ ረይሃና የሣለችውን ሥዕል፣ ከነሙሉ ስሟ፣ ኢንተርኔት ላይ ከፍቶ አሳያቸው። እሳቸው ግን ደንግጠው ሥራቸውን ጥለው ተነሱ። ባለፈው ወር አንዲት የአጋሮ ልጅ በስልክ በተዋወቀችው ሰው ተታልላ አራት ቀን ጠፍታ እንደነበር ሰምተዋልና።

ባጃጅ ሊሳፈሩ ሲሉ አንዲት ወጣት ከዚያው ባጃጅ ወርዳ «አባባ፣ የአቶ ቲጃኒን ቤት ያሳዩኛል?» አለቻቸው።

«ቲጃኒ እኔ ነኝ።»

«ሄርሜላ እባላለሁ። ሥራዬ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ረይሃና የምትማርበት የሥዕል ማኅበር ውስጥ በበጎ ፈቃድ አስተምራለሁ።»

«እንኳን ራስሽ መጣሽ! የልጄን ስም አደባባይ ያሰጣሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ስሟን መጻፌ ስህተት ነው፤ አሁን እያነሣሁት ነው።»

ለጸብ የተዘጋጁት አቶ ቲጃኒ ግን አልበረዱም። «እንግዲያው ትምህርቱ ይቀራል፤ ስልኩንም እቀማታለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። የመጣሁትም የሚያስጠረጥር ነገር ስላለ ነው። ግን እንዳይቆጧት ቃል ይግቡልኝ፤ እንድነግርዎ የፈቀደችው በዚህ ነው።»

«ማል ታኤ? ልጄ ምን ሆነች?»

«አንድ ሰው ሥዕልሽን አዲስ አበባ እሸጥልሻለሁ እያለ ሦስት ሳምንት በቴሌግራም ጽፎላታል። ያገኛት በዚያ ስሟ ይመስለኛል፤ እኔም ይህን ካወቅሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። መጀመሪያ ፎቶሽን ላኪ አላት። ትናንት ደግሞ ብቻሽን አሰንዳቦ ድረስ ነይ፣ መኪና ይጠብቅሻል አላት።»

«ያ አላህ! ሄደች?»

«አልሄደችም፤ ክፍል ውስጥ ናት። ፎቶም አልላከችም። እንዲህ ያለ ሰው ሲጽፍ ምን እንደሚደረግ ከሥዕሉ ጋር እናስተምራቸዋለን። መልእክቱን ሳታጠፋ አምጥታ አሳየችኝ።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገረችኝም? አባቷ አይደለሁም?»

ሄርሜላ ለመመለስ ፈራች፤ ሆኖም መለሰች። «ከሰውየው ይልቅ እርስዎን ፈርታ ነው። አባባ፣ እሱም ይህንኑ ይፈልገዋል፤ ‹ለቤተሰብሽ እንዳትነግሪ› ብሎ ጽፎላታል። ስልኩን ቢቀሟት በጓደኛዋ ስልክ ያገኛታል፤ ያን ጊዜ ለእኔም አትነግረኝም። መጠርጠሩንስ ይጠርጥሩ፤ ግን ከልጅዎ ጋር ሆነው ይጠርጥሩ።»

ፍርሃት የቤት ዘበኛ ነው፤ የቤቱን ልጅ ደጅ የሚያስቀር ዘበኛ ግን ከሌባው በምን ይሻላል?

ከማኅበሩ ቅጥር ሲደርሱ ረይሃና በመስኮት አየቻቸው። ፊቷ አመድ መሰለ፤ እርሳሱ ከእጇ ወደቀ። አቶ ቲጃኒ ልጃቸው እንዲህ ስትፈራቸው አይተው አያውቁም፤ ወይም አይተው አላስተዋሉም። ገብተው ልጆቹ በሚቀመጡበት ዝቅተኛ አግዳሚ ላይ አጠገቧ ተቀመጡ።

«መልእክቱን አሳዪኝ፣ ልጄ» አሉ። አልተቆጡም።

ረይሃና ስልኩን ሰጥታቸው አለቀሰች። ሦስቱም በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሄደው አመለከቱ። ሰውየው ግን ገጹን ዘግቶ ተሰወረ፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከዚያ ወዲህ በማኅበሩ የልጆች ሥዕል ያለ ሙሉ ስም ነው የሚወጣው። ወላጆችም በወር አንድ ቅዳሜ ከልጆቻቸው ጎን ተቀምጠው ይማራሉ፤ ይህን የጠየቁት አቶ ቲጃኒ ናቸው። የሚያመነታ ወላጅ ሲያገኙ «ልጄን ያተረፋት መማሯ ነው» ይላሉ። «ባትማር ኖሮ አሰንዳቦ ሄዳ ነበር። እኔማ በሬን ዘግቼባት ነበር፤ ወላሂ!»

በሁለተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ረይሃና ሥራ ቦታቸው ድረስ እየሮጠች መጣች።

«አባ፣ የማላውቀው ሰው ደግሞ ጻፈልኝ።»

የአቶ ቲጃኒ ልብ እንደ መጀመሪያው ቀን ደነገጠ። የያዙትን እንጨት አስቀመጡና «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ልጅቷ ግራ ገባት። «ለምኑ?»

«መጀመሪያ እኔ ጋ ስለመጣሽ» አሉና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት። «ነይ፣ አብረን እንየው።»