ክር የሌለው ስፌት

ፀሐይ ላይ የቆማችሁ ወደ ግንቡ ጥላ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምንሸኛቸውን እናት በመታወቂያ ስማቸው የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት ነው፤ ለሰፈሩ ሁሉ «እማማ ቁልፌ» ነበሩ። የሸሚዙ ቁልፍ የተበጠሰበት ልጅ ወደ እናቱ ሳይሆን ወደ እሳቸው ነበር የሚሮጠው። እሳቸውም ከጣሳቸው ውስጥ የሚመስለውን ፈልገው፣ ልጁን በሩ ላይ አቁመው፣ ሸሚዙን እንኳ ሳያስወልቁ ይተክሉለትና «በል አትንጠልጠል» ብለው ይሸኙታል። ልጁም ሄዶ ይንጠለጠላል።

እማማ የተወለዱት ከጫማ ሰፊ አባታቸውና በሰው ቤት ልብስ ያጥቡ ከነበሩ እናታቸው ነው። በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩ፤ ነገር ግን እናታቸውን ወገባቸውን ሲያማቸው ከስድስተኛ ክፍል አቋርጠው አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገቡ። አባታቸው ያን ቀን «እኔ የሰውን እግር አለብሳለሁ፣ አንቺ ገላውን አልብሺ» ብለው መረቋቸው። መጀመሪያ ወለል ጠረጉ፣ ቀጥሎ ካውያ ያዙ፣ በመጨረሻም የስፌት መኪና ላይ ተቀመጡ፤ ከተቀመጡም በኋላ ያስነሳቸው የለም።

ባለቤታቸውን ያገኙት በቀዳዳ ነው። ቀለም ቀቢ የነበሩት አያታችን በወጣትነታቸው አንዴ ጉልበቱ፣ አንዴ ኪሱ የተቀደደ ሱሪ ይዘው በየጊዜው ወደ ስፌት ቤቱ ብቅ ይሉ ነበር። ልብስ ሰፊው «ይኼ ሰውዬ ግድግዳ ነው የሚቀባው ወይስ ከውሻ ጋር ነው የሚታገለው?» እያለ ይስቅባቸዋል። እማማ ግን ነገሩ ቀድሞ ገብቷቸዋል፤ የተቀደደው በመቀስ ነበርና። መቀስ የነካው ጨርቅ ከልብስ ሰፊ ዓይን አያመልጥም። ተጋቡ፤ ሴት ልጅና ወንድ ልጅም ወለዱ።

ከዚያ ትልልቆቻችሁ የምታውቁት ያ ክፉ ዘመን መጣ። የጸሎት ቤቱ በር ታሸገ፤ ተሰብስቦ መጸለይ ተከለከለ። አያታችን በጸሎት ቤቱ መጽሐፍ የሚያነቡ ሰው ስለነበሩ አንድ ቀን ጠዋት፣ ብሩሻቸውን እንኳ ሳያጥቡ፣ ከሚቀቡት ግድግዳ ሥር ወሰዷቸው። የት እንደወደቁ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ መጸለይ አቃታቸው። ይህን የሚሸሽጉት ነገር አልነበረም። «አፌን ስከፍት ለቅሶ እንጂ ቃል አይመጣልኝም፤ እግዜርን ተቀይሜዋለሁ መሰለኝ» ይሉ ነበር። ጎረቤቶቻቸው መጥተው «አንቺ ቤት እንሰብሰብ፤ ሰው ቢጠይቀን ልብስ ልናሰፋ ነው እንላለን» ሲሏቸው ግን እምቢ አላሉም። «ቤቴ ቤታችሁ ነው። እናንተ ጸልዩ፣ እኔ መኪናውን እረግጣለሁ» አሉ።

መረገጡ ያስፈለገው በአብዛኛው በአንድ ሰው ምክንያት ነው። እኚህም ከፊት ወንበር የተቀመጡት፣ ዳቦ ሻጯ እትዬ ሬዲዮ ናቸው። እትዬ ሬዲዮ ሲንሾካሾኩ ማዶ የሚሄድ አውቶቡስ ይቆማል ይባላል። «ቀስ በይ» ሲሏቸው «ይኼ እኮ ቀስታዬ ነው» ነበር መልሳቸው። እናም በየእሑዱ ሰው ጭኑ ላይ ያረጀ ልብስ አስቀምጦ ይጸልያል፤ እማማ ደግሞ በአንዲት የካኪ ቁራጭ ላይ መኪናቸውን ያንደቀድቁታል። ክር እንደ ልብ ስለማይገኝ መርፌው ባዶውን ነበር የሚወጋው። ካኪዋም ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነች።

አንድ እሑድ የአካባቢው ጠባቂ መሣሪያውን እንዳነገተ ገባ። ሁሉም ወደ ጭኑ ልብስ አቀረቀረ። ጠባቂው፣ እማማ መርገጣቸውን ሳያቆሙ፣ ካኪዋን ከመኪናው ላይ ስቦ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዛትና «ምን ዓይነት ስፌት ነው ይኼ? ክር የለውም እኮ» አለ። እትዬ ሬዲዮ ፈጠን ብለው «ክሩ አልቆባቸው ሳያዩት ነው!» አሉ። እማማ ራሳቸውን ነቅነቅ ቢያደርጉ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ሁለቱ ልጆቻቸው ጓዳ ውስጥ ናቸው፤ አባታቸው ሄደዋል፤ እናታቸውም ከሄዱ ማንም የላቸውም።

እግራቸው ቆመ። ቤቱም ጸጥ አለ።

«ልጄ፣ መኪናው የሚጮኸው ሰው ሲጸልይ እንዳትሰማ ነው» አሉት። «ቤቱ የእኔ ነው፣ መኪናውም የእኔ ነው። እነዚህን ተዋቸው።»

«እርስዎም ይጸልያሉ?» አላቸው።

«እስከዛሬ እግሬ ብቻ ነበር» አሉና፣ እሱ እንደቆመ፣ አባታችን ሆይን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገሙ። ባላቸው ከተወሰዱ ወዲህ ከአፋቸው የወጣ የመጀመሪያ ጸሎት ያ ነበር።

እሳቸውንም መኪናውንም ወሰዷቸው። ክረምቱን በእስር አሳለፉ፤ እዚያም አንዲት መርፌ ከየትም አግኝተው የእስረኛውን ልብስ ሲጠግኑ፣ እየጠገኑም ሲጸልዩ ከረሙ። ልጆቻቸው በእትዬ ሬዲዮ ቤት ዳቦ እየበሉ፣ «ቀስ በይ» ማለትንም እየተማሩ ጠበቋቸው። መኪናው በኋላ የተመለሰው መርገጫው ተጣሞ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው ያ ቂጭ ቂጭ የሚል ድምፅ የመጣው ከዚያ ነው።

ብዙዎቻችሁ እማማን ጀግና ትሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ይቆጡ ነበር። «ጀግና አትበሉኝ። መኪናውን ያቆምኩት ደፍሬ መሰላችሁ? ጉልበቴ ተንቀጥቅጦ መርገጥ አቅቶኝ ነው። እግሬ ሲከዳኝ እግዜር አፌን መለሰልኝ» ይሉ ነበር።

ከመታመማቸው በፊት አንዲት የልጅ ልጃቸው ክፍል ውስጥ ተነስታ ማንበብ ትፈራ ነበር። ስሟ ሲጠራ ላብ በላብ ትሆናለች። እማማ ይህን ሲሰሙ አጠገባቸው አስቀመጧትና «እኔ ልርገጥ፣ አንቺ አንብቢ፤ ማንም አይሰማሽም» አሏት። መኪናው እየጮኸ አነበበች። በየቀኑ ረገጣውን ትንሽ ቀነስ፣ ትንሽ ቀነስ ሲያደርጉት አላስተዋለችም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ቀና ስትል መኪናው ከቆመ ቆይቷል፤ እሳቸው አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ያዳምጣሉ፤ እሷ ገና እያነበበች ናት። ዛሬም ፈርታለች፤ ቢሆንም ይኸው ፊታችሁ ቆማ እያነበበች ናት።

ሕመማቸው የልብ ነበር። ሐኪሙ «ከእንግዲህ መርገጥ የለም» ሲሏቸው «ልቤን እንጂ እግሬን መቼ አመመኝ» ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻው ቀን ልጆቻቸው አልጋቸውን ከበው ሲጸልዩ፣ ዓይናቸው ተከድኖ፣ ቀኝ እግራቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ጸሎቱ ሲያልቅ እግራቸውም ዐረፈ።

እማማ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ የዕድሜ ልክ ጓደኛቸውን እትዬ ሬዲዮን፣ ቁልፍ የሞላበትን ጣሳ፣ እንዲሁም ሸሚዙን ይዞ በራቸው ላይ የሚቆመውን ልጅ ሁሉ ትተውልን ሄደዋል። ክር በሌለው መርፌ ሰፍተው እርስ በርስ ያያዙንን እናት፣ ጌታ ባለቤታቸውን ባሳረፈበት ስፍራ ያሳርፍልን።

በእማማ ቤት «አሜን» በሹክሹክታ ነበር። ዛሬ መኪናው ቆሟል፤ የሚረግጥልንም የለም፤ የምንፈራውም ሰው የለም። እትዬ ሬዲዮ፣ እባክዎ አሜኑን እርስዎ ይጀምሩልን፤ በቀስታዎ ሳይሆን በሙሉ ድምፅዎ።