የጋሽ ሞላ ማሳ ከሰማይ ሲታይ

ስሙኝማ! ፒያሳ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሞላ ሱሪዬን እስኪያሳጥሩልኝ ላፕቶፔን ከፍቼ ሥራዬን ያዝኩ። ሥራዬ በሳተላይት ምስል የተጎዳ የእርሻ መሬት መለየት ነው። «እስቲ የኛን ሰቆጣ አሳየኝ» አሉ። አካባቢው ደረቅ ስለሆነ እንዳይከፋቸው ፈራሁ። ወንዙን በጣታቸው ተከትለው ማሳቸውን አገኙት፤ አረንጓዴ ነው! «ተሳስተሃል፣ ጥዬው ስመጣ ድንጋይ ብቻ ነበር።» የዘንድሮ ምስል ነው አልኳቸው። «ወንድሜ ‹እርከን ሠርቼ መሬቱ አገገመ፣ ና› ሲለኝ ሊያባብለኝ መስሎኝ ነበር» ብለው እዚያው ደወሉለት። «ማሳችንን በሳተላይት አየሁት!»

የወንድማቸው ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማ፦ «ታዲያ እኔን ሳታምን ሳተላይት አመንክ?»

ጋሽ ሞላ በያዙት ሱሪዬ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እኔም ያላየ መስዬ ላፕቶፔ ላይ አፈጠጥኩ።