በሙዝ ሚዛን ላይ

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ግቢውን ጠረግሁ፣ ከሙስጠፋ ሱቅ አንድ ዳቦ ገዝቼ በሻይ በላሁ። ከዚያ እንደ ወትሮዬ ሙዝ ልገዛ ከሴቻ ወደ ላንቴ ሄድኩ።

የምገዛው ከጋሼ ወልደ ሚካኤል ነው፤ አስፋልቱ ዳር የጅምላ መጋዘን አላቸው። ያን ዕለት ስደርስ ትልቁ ሚዛን ላይ የወጣው ሙዝ ሳይሆን ልጃቸው ልክነሽ ነበረች። የጤና ጣቢያው ሚዛን ከመቶ ሃምሳ ኪሎ በላይ አይመዝንም፤ አዲስ አበባ ያለው ሐኪሟ ደግሞ ትክክለኛ ክብደቷን በስልክ እንድትነግረው ጠይቋታል። ጫኞቹ ሥራቸውን አቁመው ያያሉ።

«መቶ ስልሳ ሁለት!» አሉ ጋሼ፣ የጥሩ ምርት ክብደት እንደሚያነብ ሰው በኩራት። «ላንቴ ውስጥ ማን ይደርስባታል?»

«አባባ፣ ለጨረታ አያቅርቡኝ» አለች ልክነሽ። ወርዳ ጉልበቷን እየደገፈች ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ነገሩን አስረዳችኝ። ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት ነው፤ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ሐኪሙ ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና ሊያሳንስላት ይችላል፤ መልሷን የሚጠብቀው እስከ ሰኞ ነው። እሷ ፈልጋለች፤ ያለ አባቷ ምርቃት ግን ከቤት አትወጣም።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ምከሪልኝ» አሉኝ ጋሼ። «እግዚአብሔር ደህና አድርጎ የሠራውን ሆድ ሰው ይቆርጣል? ትጹም!»

«መቼ ጾም ገደፍኩ? የወፈርኩት እየጾምኩ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆይና በዳቦና በድንች እክሰዋለሁ።»

«እንግዲያው የሽፈራው ቅጠል አፍልተሽ ጠጪ።»

«ሁለት ዓመት ጠጣሁ። የግቢያችን ዛፍ ተመልምሎ አለቀ፤ ያላለቅሁት እኔ ነኝ።»

ጫኞቹ ሳቁ። ጋሼ አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እውነተኛ ፍርሃታቸውን ነገሩኝ።

«ልጄ፣ ድንገት ከከሳች ሰው ምን ይላል? ክፉ በሽታ ይዟታል ይላል። ለቅሶ ቤት የቀረበላትን ትታ ስትነሳ፣ ናቀችን ይላሉ። ይሄም ይሁን፤ እዚያው ተኝታ ብትቀርብኝስ?»

በእኛ ዘንድ «ወፈርሽ» ማለት ምርቃት፣ «ከሳሽ» ማለት ሐዘኔታ ነው። የመጨረሻው ጥያቄያቸው ግን የአላዋቂ ጥያቄ አልነበረም።

«አደጋ የለውም አልልዎትም» አልኳቸው። «ለሁሉም ሰው የሚሆንም አይደለም። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥቂት መብላት፣ ዕድሜ ልኳን ቫይታሚን መውሰድ፣ ክትትል ማድረግ አለባት። ነገር ግን ምግብ ቀንሳ፣ መድኃኒት ወስዳ ሞክራለች። እንዲሁ መቀመጡም አደጋ አለው። አይሱዙው ላይ ከልክ በላይ ሲጫን ምን ይላሉ?»

«አራግፉ እላለሁ፤ ባሌስትራው ይሰበራላ!»

«የእሷስ ጉልበት?»

«ልጄ መኪና አይደለችም። መኪና መለዋወጫ አለው።»

ያን ጊዜ ለማንም ያልነገርኩትን ተናገርኩ።

«ለባለቤቴ ለእንድሪያስም ከአራት ዓመት በፊት ሐኪም ይህንኑ አማክሮት ነበር። ‹ሰው ይስቅብናል፣ ተወው› ያልኩት እኔ ነኝ። ተወው። በሁለተኛው ዓመት ልቡ ቆመ። ቢታከም ይተርፍ ነበር አልልም፤ አላውቅም። አስቦ እንዲወስን ግን አልፈቀድኩለትም።»

ጋሼ እንድሪያስን ያውቁታል፤ ሙዝ የሚመርጥልኝ እሱ ነበር።

«ሐኪሙን በስልክ አገናኚኝ» አሉ በመጨረሻ ልጃቸውን።

ለስንት ሰው እንደሠራ፣ ስንት እንደሞተበት፣ ቁስሉ በስንት ቀን እንደሚሽር ጠየቁት፤ ያልገባቸውን አስደገሙት። ስልኩን ሲዘጉ እጃቸውን በልክነሽ ራስ ላይ ጫኑ። «እግዚአብሔር ይከተልሽ። እሺ በይው። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ቀዶ ሕክምናው ከተደረገላት ዓመት ከስድስት ወር ሆነ። ልክነሽ በዚያው ሚዛን መቶ አራት ኪሎ ትመዝናለች። ፀጉሯ ጥቂት ወራት ረግፎ ነበር፤ ተመልሷል። የስኳር መድኃኒቷ ተቀንሷል፤ ደረጃ ያለ ደጋፊ ትወጣለች። ለቅሶ ቤት ስትቀመጥ የተረፋትን አባቷ ይበሉላታል፤ «ምን ነካት?» ለሚል ሁሉ ሐኪሙ ያላቸውን ቃል በቃል ይደግሙለታል። ከዘመድ የሚጠበቀውም ይኸው ይመስለኛል፤ በታማሚው ፋንታ መወሰን ሳይሆን አብሮ ሄዶ መጠየቅ።

ቅዳሜ ጠዋት ልክነሽ ከልጆቿ ጋር ከሲቀላ እስከ ኩልፎ ወንዝ በእግሯ ትሄዳለች። እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ። አራት ነን። እንድሪያስ የለም።