አባታችሁ የማያስነካው አረም

በኛ ጊዜ እዚህ ካልጋሪ አበሻ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ዘመድ የለ፣ አራስ ጠያቂ የለ። እናንተ «አባዬ ለምን ያንን ቢጫ አበባ የአረም መድኃኒት ስፕሬይ አያደርገውም፣ ጎረቤት ኮምፕሌይን እያደረገ ነው» ትሉኛላችሁ አይደል? እንግዲህ ስሙኝ።

አንቺን ሄለንን የወለድኩሽ በሰባ ሰባት ሚያዝያ፣ ራንድል የሚባል ሰፈር ቤዝመንት፣ ምድር ቤት፣ ተከራይተን ነው። ታዲያ ብዙም ሳልቆይ ግራ ጡቴ አበጠ፣ ቀላ፣ እንደ እሳት ፈጀኝ፣ እና አንቺ ትጎትቻለሽ፣ ወተት የለም፣ ታለቅሻለሽ፣ እኔም አለቅሳለሁ። ዶክተሩ «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ ክኒን ሰጠኝ፣ «ማጥባት አታቁሚ፤ ካልተሻለሽ በቢላ ይከፈታል» አለኝ። በቢላ! የኔን ጡት!

ታዲያ ያከራያችን እናት፣ ቻይናዊት አሮጊት ናቸው፣ ለቅሶሽን ሰምተው ከላይ ወረዱ። ጡቴን ዳሰስ አደረጉና «ሆት! ቱ ማች ሆት!» አሉ፣ እና በመስኮቱ ወደ ሣሩ ጠቆሙኝ። «ዚስ ሊፍ፣ ኮልድ። ኢት! ድሪንክ!» ያ ዳንደላየን የምትሉት ባለ ቢጫ አበባ አረም ነው። በነሱ ሕክምና ቀዝቃዛ ነው፣ ሙቀት ያወጣል፣ እብጠት ያፈርሳል፣ ጡቷ ላበጠ እናት ከጥንት ጀምሮ ይሰጣል። ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅሎ መብላት፣ ውሃውን መጠጣት፣ ጥሬውን ወቅጦ ከላይ መለጠፍ ነው።

አባታችሁን «ሂድና ልቀምልኝ» አልኩት። እሱ ደግሞ ኩራቱ! «ምን አልሽ? ፈረንጅ በየቴሌቪዥኑ ያገሬን ረሃብ እያየ፣ እኔ ደጃፍ ላይ ሣር ስለቅም ልታይ? ሞቼ ነው!» እውነቱንም ነው፤ ያኔ «ኢትዮጵያ» ካላችሁ ሳንድዊች ነበር የሚዘረጉላችሁ።

በማግስቱ ግን አንቺ ማልቀሱም ደከመሽ፣ ድምፅሽ ጠፋ። ያን ጊዜ ብድግ ብሎ ወጣ። የቤዝመንት መስኮት መቼም ከሣሩ እኩል ነው፤ አየሁት፣ በሥራ ልብሱ፣ በጠራራ ፀሐይ ተንበርክኮ፣ መንገደኛ እያየው ሲነቅል። አንጀቴን በላው።

እና የፈራው አልቀረም! የማዶዋ ፈረንጅ ካርቶን ሙሉ የቆርቆሮ ምግብ ታቅፋ፣ እንባዋን አቅርራ መጣች። «ፕሊዝ፣ ዶንት ኢት ግራስ!» በቃ፣ ዛሬ ተጣላ አልኩ። እሱ ግን ከተንበረከከበት ሳይነሳ «ማይ ዋይፍ፣ ሲክ! ቤቢ፣ ኖ ሚልክ!» ይላል። አልገባትም። ታዲያ ምን ያድርግ? የገዛ ደረቱን በሁለት እጁ ይዞ አሳያት! ወይ ጉድ፣ በዚያ ሁሉ ትኩሳት ሳቄ መጣ። ሴትዮዋም ገባት፣ ሮጣ ሄደችና ከጓሮዋ፣ ስፕሬይ ካልነካው፣ ላስቲክ ሙሉ ለቅማ አመጣችለት።

መራራ ነው፣ እንደ ግራዋ! አፍንጫዬን ይዤ በላሁት። ሰንበት ሳይደርስ እብጠቱ ሟሸሸ፣ ወተቱም መጣ፣ አንቺም ጠግበሽ ተኛሽ።

«ታዲያ ማማ፣ ላይክ፣ ያዳነሽ ቅጠሉ ነው ክኒኑ?» አለች ሄለን።

እኔ ምን አውቄ! ክኒኑንም ውጫለሁ፣ ቅጠሉንም በልቻለሁ። ያ ኩሩ ሰው ግን ላንቺ ሲል ሰው ፊት መሬት ወርዷል። ሣሩን አትንኩበት።

«ኦኬ፣ አንነካም» አለች ሄለን ዓይኗን እየጠረገች። «ግን ጎረቤቱ ኮምፕሌይን ሊያደርግ ሲመጣ አባዬ ራሱ ይውጣ፤ ደረቱን ይዞ ያስረዳው!»