በግራ ግድግዳ ላይ ያለችው የከሰል ምልክት

...እኔማ ከጠዋት ጀምሮ ይሄን ጥቁር ጨርቅ ከበሩ በላይ ካለችው መስኮት ላይ አውርዱልኝ እያልኩ ነው፤ የሚሰማኝ የለም። ለሐዘን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ጨለማ ውስጥ ይሄን የአጎቴን የስንብት ወረቀት እንዴት ላንብብላችሁ? ድሮም ማንበብ አይሆንልኝም፤ ትምህርቱን በዘጠኝ ዓመቴ ትቼ ወደብ ላይ ሸክም የገባሁ ሰው ነኝ። ይሁን፣ የአክስቴ ትእዛዝ ነው።

አጎቴ አኒዬሎ ቱፋኖ ፖዙኦሊ ውስጥ ከመረብ ጠጋኙ ከሳብዮና ከእናታቸው ከላውዶሚያ ተወለዱ። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው እዚህ ኔፕልስ መጥተው፣ ሠዓሊ ቤት ገብተው፣ ቀለም እየፈጩ፣ ሸራ እየወጠሩ ሙያውን ተማሩ። ሸራውን መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ ይቀቡትና ከዚያ ጨለማ ውስጥ ፊቱን፣ እጁን፣ ትከሻውን ብቻ በብርሃን ያወጡታል፤ የቀረውን እዚያው ይተዉታል። እኛን ከወደብ ጠርተው፣ ምድር ቤት አንድ መብራት ሰቅለው፣ እያዩ ሊሥሉን ከሥሩ ያቆሙን ነበር። የሣሉት የጴጥሮስ ፊት ይሄው የዓሣ ነጋዴው የቺቾ ነው፤ እስከ ዛሬ ገበያ ላይ «ጴጥሮስ፣ የትናንት ዓሣ አይደለም ብለህ ዛሬም ሦስቴ ካድክ?» ይሉታል።

አክስቴን ካንዲዳን አግብተው ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሩ፣ ፖርዚያንም ወለዱ። አክስቴ «አንተ ሰውዬ፣ ዘይቱን በመብራት ፈጀኸው፣ ጎመኑን በምን ልሥራው?» ሲሏቸው፣ «እኔ እሥለዋለሁ» ይሉ ነበር።

አምና ማኅበራችን ለዚህ ጸሎት ቤት የአልዓዛርን መነሣት እንዲሥሉ አዘዛቸው። ሦስት ጠዋት እዚህ ቁጭ ብለው ከበሩ በላይ ባለችው መስኮት የምትገባውን ፀሐይ አዩ፤ አልዓዛር ላይ የሚያርፈውም ብርሃን ከዚያችው መስኮት የመጣ እንዲመስል አድርገው ሣሉ። ሥራው እንዳለቀ በትኩሳት ወደቁ። ሸራውን ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስንዴ ስሸከም ውዬ ደክሞኝ ነበር፤ በቀኝ ግድግዳ አሮጌ ሚስማር አየሁ፣ ሰቀልኩት፣ ሄድኩ።

ከዚያ ሰዉ «ብርሃኑ ተገላቢጦሽ ነው፣ ሽማግሌው ዓይናቸው ጠፍቷል» አለ። ወሬው አልጋቸው ድረስ ደረሰ። «ዓይኔ ከዳኝ» ብለው ብሩሾቻቸውን ለሰው አድለው፣ ወደ ግድግዳ ዞረው ተኙ፤ በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ በስድሳ ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት ከሬሳው ፊት የሚሄደውን የማኅበሩን ዓርማ ከግራው ግድግዳ ሳወርድ፣ ከኋላው በከሰል የተሠራች ትንሽ መስቀል አየሁ። የእሳቸው እጅ ናት፤ ሚስማሩ እዚህ ይግባ ማለታቸው ነው። እዚያ ቢሰቀል ብርሃኑ ከበሩ በኩል ይመጣ ነበር፣ ልክ እንደሣሉት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይሄን በፊታችሁ ሳልናገር አፈር አላለብሳቸውም።

አክስቴን፣ ፖርዚያን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና እኔን ትተው ሄደዋል። ጌታ ነፍሳቸውን መብራት በማያስፈልግበት ቦታ ያኑርልን።

ደወሉ ተደወለ፣ ወረቀቱ ላይ ገና ያልተነበበ አለ፣ ግን ልተወው፤ ፀሐይዋ ልታልፍ ነው። ቺቾ፣ አንተ ጨርቁን ጎትተህ ጣለው። እናንተ ሁለታችሁ ሸራውን ከወዲያ ያዙልኝ፣ ቀስ እያላችሁ። አጎቴ ትንሽ ይቆዩን፤ መጀመሪያ አልዓዛር ወደ ቦታው ይሂድ።