ቲቸር ላጢፋ «ቲማቲም» ያሉ ዕለት

እንግዲህ ሁላችሁም መቀመጫ ካገኛችሁ የሽኝቱን ንግግር ልጀምር። ቲቸር ላጢፋ ከኮምቦልቻ ተዛውረው እዚህ አቃቂ፣ ትምህርት ቤታችን የገቡ ዕለት እኔ መምህራን ክፍል ነበርኩ። የያኔው ርዕሰ መምህራችን አቶ ሰይፈሥላሴ፣ እንደ ወትሯቸው ጥድፊያ ላይ ሆነው፣ «እንኳን ደህና መጡ! በሉ እንትን ላይ ይቀመጡ፤ እንትኑን ልጨርስና እንትን እናደርጋለን» አሏቸው።

ቲቸር ላጢፋ ቦርሳቸውን እንደያዙ ቆሙ። «የመጀመሪያው እንትን ፈርኒቸር መሆኑ ገብቶኛል። የቀሩት ሁለቱ ግን ምድባቸው ምንድን ነው?»

ከዚያን ዕለት ጀምሮ እሳቸው ባሉበት «እንትን» ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

እኔ ባዮሎጂ የማስተምርበት ክፍል ከእሳቸው ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ሳልመዘገብ ተምሬዋለሁ። ትልቁን ስም ይጠሩና ከሥሩ ያሉትን አምጡ ብለው ተማሪዎቹን ያፋጥጣሉ። «ቪሂክል!» ሲሉ ክፍሉ «ባስ! ባጃጅ! ሚኒባስ!» እያለ ይጮኻል። አንድ ቀን «እሺ፣ ከሚኒባስ ሥርስ ምን አለ?» ቢሉ፣ ሮሪሳ የሚባል ተማሪ «ጎማ!» አላቸው። በሳቅ ፈረሱ። ሲወጣላቸው፣ «ጎማ እኮ አካሉ ነው የኔ ጌታ፤ እኔ የጠየቅሁህ ዓይነቱን ነው» አሉት። እኔም የራሴን ተማሪዎች ረስቼ ከግድግዳው ማዶ ስስቅ ነበር።

ሻይ ቤታችንስ? አስተናጋጇ በላይነሽ «የፆምም የፍስክም አለ» ስትላቸው፣ «እሱ ካቴጎሪ፣ ምድብ ነው የኔ ልጅ፤ ሰው ካቴጎሪ አይበላም። ስሙን ንገሪኝ» ይሏታል። ይኸው አሁን ገና ከበር ሲገቡ «ሽሮ! ምስር! ጥብስ!» ብላ ትቀበላቸዋለች።

ቲቸር፣ አሁን ወደ እርስዎ ልዙር። የአምናውን ሳልናገር መቀመጥ አልችልም።

አንድ ጠዋት ድምፅዎ መሐል ላይ ተቋረጠ። ቀጥሎ «ስቴሽነሪ... ስቴሽነሪ ስጡኝ» ሲሉ ሰማሁ። ተማሪዎቹ የተለመደው ጥያቄ መስሏቸው «ፔን! ሩለር!» እያሉ ይመልሳሉ። ለካ የፈለጉት ጠመኔ ነው። በሩን ስከፍት የከንፈርዎ አንድ ጎን ወርዷል፣ ቀኝ እጅዎ አልታዘዝ ብሏል። ባለቤትዎ ጋሽ ጅብሪል ቱሉ ዲምቱ መስመር ላይ ሚኒባስ ይነዱ ነበር፤ ስደውልላቸው ተሳፋሪ አውርደው በረሩ። ሐኪሙ «ስትሮክ ነው» አለን።

ሕይወትዎ ተረፈ፤ የነገሮች ስም ግን ጠፋብዎ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም። የቀረልዎት ትልልቁ ምድብ ብቻ ነበር። ብርቱካን ሲያሳዩዎት «ፍሩት»፣ ድመት ሲያዩ «አኒማል»። ጋሽ ጅብሪል አልጋዎ አጠገብ ቁጭ ብለው «እኔስ ማን ነኝ?» ቢሉዎት፣ ረጅም ጊዜ አስበው «ፋሚሊ» አሏቸው። እጅዎን ስመው «ይበቃኛል» አሉ። ኮሪደር ላይ ወጥተው ሲያለቅሱ ግን አይቻቸዋለሁ። ይቅርታ ጋሼ፣ ዛሬ አወጣሁብዎት።

ቤትዎ ከገቡ በኋላ እኛ መምህራኑ እየተፈራረቅን ኮንዶሚኒየሙን ወጣን ወረድን። ከጉሊት የገዛነውን ከፌስታል እያወጣን «ይሄስ ምን ይባላል?» እንላለን። ፍሩት። ፍሩት። አሁንም ፍሩት። እውነቱን ልናገር፣ ተስፋ ወደ መቁረጡ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ቲማቲም አነሳሁና፣ እንዲቀልዎት ብዬ፣ «ይሄ ቬጅቴብል ነው፤ ስሙስ?» አልኩ።

አፍጥጠው አዩኝ። ግንባርዎ ተቋጠረ።

«ቲማቲም... ፍሩት ነው!» አሉኝ። «አንተ ፈቀደ! የባዮሎጂ አስተማሪ አይደለህም እንዴ?»

ጋሽ ጅብሪል የሽንኩርት ቢላቸውን እንደያዙ ከወጥ ቤት ሮጠው መጡ። «ምን አለች? ምን አለች?»

«ቲማቲም አሉ! ፈቀደም አሉ!»

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እውነትዎን ነው፣ በባዮሎጂ ቲማቲም ፍሬ ነው፤ እኔም በሕይወቴ ስድብ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም። ስንት ወር ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር የዚያን ዕለት ተነሳልኝ። እፎይ አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ሌሎቹም ስሞች ቀስ በቀስ መጡ። «በሕመም ምክንያት ቀደም ብለው ጡረታ ይውጡ» ሲባሉ፣ «በቀኔ ነው የምወጣው» አሉ። ዘንድሮ ተመልሰው ገቡ፣ አስተማሩ፤ ይኸው ዛሬ በቀንዎ ጡረታ ይወጣሉ። አንዳንዴ ቃል ይጠፋብዎትና ቆም ይላሉ። ያ ሁሉ ረባሽ ተማሪ ዝም ብሎ ይጠብቅዎታል።

የሚጠብቅዎት ለምን እንደሆነ ይገባኛል። እኛ «የኋላ ወንበር ልጆች»፣ «ሰነፎቹ»፣ «የኮንዶሚኒየም ልጆች» እያልን በጅምላ ስንጠራቸው፣ እርስዎ አንድም ቀን ተማሪ በጅምላ አልጠሩም። ስሙን ይዘው፣ ስሟን ይዘው ነው የሚጠሩት። እኔም ከእርስዎ ወስጄዋለሁ። ስለዚህ አመሰግንዎታለሁ።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ፤ ለስላሳውም፣ ውሃውም ያው ነው። ቲቸር ላጢፋ፣ በእግርዎ ገብተው በእግርዎ ስለሚወጡ ደስ ብሎናል። ከጋሽ ጅብሪል ጋር ጋቢና ቁጭ ብለው፣ ሰዓት ሳያዩ፣ ኮምቦልቻ እህትዎ ጋ ይሂዱ። ጤናው ይብዛልዎት፤ የልጅ ልጅ ወግ ያሳይዎት። ለጤናዎ!

አሁን ማይኩን ይውሰዱ። የፈለጉትን ያህል ይናገሩ፤ ቃል ሲጠፋብዎት እንጠብቃለን።