አሥር ሺህ ሰባት ብቸኛ ነው

— ሄሎ… አቤት፣ አዲስ ቅዳም ስልክ ቤት ነው። መምህር ዋኘው ነኝ፤ የስልክ ቤቷ ውባለም ከክፍል አስጠርታኝ መጣሁ… ማን ልበል?… ኧ፣ ጓድ አዝመራው። ዳንግላ ደህና ነው?

— የመሠረተ ትምህርቱ ሪፖርት?… አዎ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። አዎ፣ «ቁጥሩ ብቸኛ ነው» ብያለሁ… ኧረ እኔ ሰፊውን ሕዝብ ብቸኛ አላልኩም፤ ቁጥሩን ነው… ሄሎ? ይሰሙኛል?

(ውባለም፣ እባክሽ ያን በር ዝጊልኝ። የጋሪው ጩኸት አላሰማ አለኝ።)

— አለሁ፣ አለሁ። እርስዎ «ለአብዮት በዓሉ ሰልፍ፣ በዘመቻው ፊደል የቆጠሩት ሁሉ በእኩል ረድፍ ይደልደሉ» ብለው ጻፉልኝ። ሰዎቹ አሥር ሺህ ሰባት ናቸው። በሁለት ብል እንቢ፣ በሦስት ብል እንቢ፣ በሰባት ብል እንቢ… እስከ ዘጠና ሰባት ድረስ ሞክሬዋለሁ፤ ከዚያ በላይ መልፋት አያስፈልግም። ከአንድና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው የለም። እንዲህ ያለውን ነው ብቸኛ ቁጥር የምንለው… ሰባተኛ ክፍል አስተምሬዎት ነበር እኮ… አዎ፣ ያን ቀን ቀርተው ይሆናል።

— «ጎዶሎ» ያልኩትስ?… እሱም የሒሳብ ቃል ነው፤ በሁለት የማይካፈል ማለት ነው… አይ፣ በአብዮቱ የጎደለ ነገር የለም። ምን ይጎድላል ብለው።

— ሁለት ሰው ይጨመር?… አሥር ሺህ ዘጠኝ… እሱም ብቸኛ ነው። ሁለቱ መንታ ብቸኞች ናቸው… እየቀለድኩ አይደለም። ስማ፣ አንተ… ይቅርታ፣ ይስሙኝ ጓድ።

— አንድ ይቀነስ?… ያኔ ሁለት ሁለት እየሆኑ ብቻ ነው የሚሰለፉት፤ የሠርግ ሚዜ ይመስላሉ… እሱም ልክ ነው፣ «ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ» ያሰኛል።

— አንድ ቢጨመርማ ሸጋ ነበር። በስምንት ቢሉ፣ በዘጠኝ ቢሉ፣ በሃያ አራት ቢሉ እሺ ይላል። ግን ሰው ከየት ይመጣል? በወረዳችን መሃይም አልቋል ብለው መድረክ ላይ ያወጁት ራስዎ አይደሉ?

— ማን?… እኔ?… ጓድ አዝመራው፣ አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ሰው እኮ ነኝ… እ… እሺ ካልኩ «ብቸኛ» ያልኩት ከፋይሌ ይወጣል… እንቢ ካልኩ ብርድ ልብሴን ይዤ ልምጣ…

— አለሁ። መስመሩ አልተቋረጠም። የሦስት ልጆች አባት ነኝ፣ ገባኝ።

(ምን ያስቅሻል ውባለም?)

— እሺ። መሃይም ነበርኩ፣ በዘመቻው ፊደል ቆጠርኩ። የመመዝገቢያ ቅጹን ፈርሜ በዛሬው መኪና እልካለሁ… ምን አሉኝ?… እውነትዎን ነው። ገና ሲመዘገብ መሃይም የነበረ ሰው ፊርማ ከየት ያመጣል… በአውራ ጣቴ ይሆናል። ደህና ይዋሉ።

(ውባለም፣ እስቲ የማኅተሙን ቀለም አውሺኝ።)